የቬርሞንት ባለጣሪያ ድልድዮች ለምን ተከደኑ?

ጥያቄ፦
በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በምትገኘው የቬርሞንት ግዛት ገጠሮች ግድግዳና ጣሪያ ያላቸው ከመቶ የማያንሱ የእንጨት ድልድዮች እስከ ዛሬ አሉ፤ አብዛኞቹም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ያን ያህል ወጪና ድካም የተጨመረው መንገደኛውን ከዝናብ ለማስጠለል ነውን? እንጨታቸው በየጊዜው እየተለወጠስ ታሪካዊ ሊባሉ ይገባል?

መልስ 1፦
ጣሪያው የተሠራው ለመንገደኛው ሳይሆን ለድልድዩ ለራሱ ነው። ሸክሙን የሚችሉት ግራና ቀኝ የቆሙት የእንጨት መዋቅሮች ናቸው፤ በመጋጠሚያዎቻቸው ውኃ ገብቶ ከቆየ ስለሚበሰብሱ፣ ያልተከደነ ድልድይ ብዙ ጊዜ ከሃያ ዓመት አያልፍም፤ የተከደነው ግን ጣሪያው እስከተጠገነ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለግላል። እንዲያውም ጣሪያው በረዶውን ስለሚከለክል፣ በበረዶው ወራት በፈረስ የሚጎተቱ ጎማ የሌላቸው ተንሸራታች ጋሪዎች እንዲያልፉ ሲባል ሰዎች በረዶ ከውጭ እያስገቡ በወለሉ ላይ ይበትኑ ነበር።

መልስ 2፦
አሠራሩም ሊታወስ ይገባዋል። አሜሪካዊው አርክቴክት ኢቲኤል ታውን እ.ኤ.አ. በ1820 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዘዴ፣ ሳንቃዎችን በሰያፍ እያጠላለፉ በእንጨት ችንካር ማያያዝ በመሆኑ፣ ግዙፍ ግንድም ሆነ እጅግ የተካነ አናጺ ሳያስፈልግ በገጠር መንደር ሊሠራ ይችል ነበር። ቬርሞንትን ከኒው ሃምፕሸር የሚያገናኘውና በ1866 የተሠራው የኮርኒሽ ዊንዘር ድልድይ በዚሁ ዘዴ የቆመ ሲሆን፣ ርዝመቱ 137 ሜትር ያህል ነው። በዚያው ስፍራ ቀደም ብለው የተሠሩት ድልድዮች በጎርፍ ጠፍተዋል፤ በእኔ አስተያየት ከዝናብ ይልቅ የእነዚህ ድልድዮች ብርቱ ጠላት ጎርፍ ነው።

መልስ 3፦
ለሁለተኛው ጥያቄ በቬርሞንት የሚገኘው የባርተንስቪል መንደር ድልድይ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 የተሠራው ድልድይ በነሐሴ 2011 አይሪን የተባለው አውሎ ነፋስ ባስከተለው ጎርፍ ተወሰደ፤ በቦታውም በቀድሞው አሠራር ሌላ ተሠርቶ በ2013 ተከፈተ። የበሰበሰውን እንጨት ብቻ እየለዩ መለወጥ የድልድዩን ታሪክ አያቋርጠውም፤ ጣሪያው ራሱ እንዲለወጥ ታስቦ የተሠራ ነውና። ሙሉ በሙሉ የተተካው ግን የአሠራሩ ወራሽ እንጂ የ1870ው ድልድይ አይደለም፤ መቼ እንደተሠራ በግልጽ ተጽፎ ሊቆም ይገባል።

መልስ 4፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም መንደሩ ዘመናዊ የኮንክሪት ድልድይ ከማቆም ይልቅ ያንኑ ዘዴ መምረጡ፣ ሙያው በአናጺዎች እጅ እንዲቀጥል ስላደረገ ሊመሰገን ይገባዋል።