ሩማቶይድ ላለባት እናት የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት ይጀመር ወይስ ይቆይ?

የሳቢያን ልጅ (ድሬዳዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ለሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ) ሜቶትሬክሴት በሳምንት 15 ሚሊግራም ከፎሊክ አሲድ ጋር፣ ፕሬድኒሶሎን በቀን 5 ሚሊግራም፣ ለጨጓራዋ ደግሞ ኦሜፕራዞል 20 ትወስዳለች። አሁን የሄፓታይተስ ሲ አንቲቦዲዋ ፖዘቲቭ ሆነ፤ ቫይራል ሎዱም (በደሟ ያለው የቫይረስ መጠን) 1.2 ሚሊዮን መጣ። የጉበት ምርመራዋ ኤኤስቲ 80፣ ኤኤልቲ 100፣ ፕላትሌት (የደም አርጊ ሕዋስ) 160 ሺህ። ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር አንድ ላይ ያለበት ክኒን ለ12 ሳምንት ታዟል። ዘመድ ግን «የሲ መድኃኒት መገጣጠሚያዋን ይቀሰቅስባታል፣ መጀመሪያ ሩማቶይዱ ይረጋጋ» እያለ ነው። ምን ትላላችሁ? ከመጀመሯ በፊት ምን መታየት አለበት? ረመዳን እየመጣ መሆኑም አሳስቦናል።

ሐኪም ከሸንኮር (ሐረር)፦
ዘመዶቻችሁ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ድሮ በመርፌ ይሰጥ ስለነበረው ኢንተርፌሮን ከሆነ እውነታቸውን ነው። እሱ የሚሠራው የሰውነትን መከላከያ በማነሳሳት ስለነበር ሩማቶይድንም ሆነ መሰል በሽታ የሆነውን ሉፐስን ያባብስ ነበር። ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር ግን ቫይረሱ ራሱን የሚያባዛባቸውን ፕሮቲኖች ነው የሚያግዱት፤ መከላከያውን አይቀሰቅሱም። ስለዚህ ሩማቶይዱ እስኪረጋጋ መጠበቅ አያስፈልግም። እንዲያውም መቆየቱ ነው የሚጎዳው፤ ቫይረሱና ሜቶትሬክሴት አንድ ጉበት ላይ ተደራርበዋል።

ከመጀመራቸው በፊት ግን ሊታለፍ የማይገባው የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ነው። ሁለቱም ይሠራ፤ የቢ ሰርፌስ አንቲጅን (ቫይረሱ አሁን መኖሩን የሚያሳይ) እና የቢ ኮር አንቲቦዲ (ቢ ድሮም ቢሆን ይዟቸው እንደነበር የሚያሳይ)። ሲ ቫይረስ ቢን ተጭኖት ሊኖር ይችላል፤ ሲ ሲጠፋ ቢ ይነሳና ጉበቱን በድንገት ሊያጠፋ ይችላል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2016 እ.ኤ.አ. ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሰርፌስ አንቲጅኑ ፖዘቲቭ ከሆነ የቢ መድኃኒት የሆነው ቴኖፎቪር አብሮ ተጀምሮ የሲ ሕክምና ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ ድረስ ይቀጥላል። ኮር አንቲቦዲው ብቻ ከሆነ ኤኤልቲ በየወሩ ይለካል።

የጉበቱን ጠባሳ በቁጥር እንየው። ኤኤስቲን ለላይኛው መደበኛ ልክ (40 ከሆነ) ማካፈል፣ ውጤቱን ለፕላትሌት ማካፈል፣ በ100 ማባዛት፦ 80÷40=2፣ 2÷160×100=1.25። ከ2 በላይ ቢሆን ሲሮሲስ (ጉበቱ በጠባሳ መወረሩን) እንጠረጥር ነበር፤ ከ0.5 በታች ቢሆን ደግሞ እንረጋጋ ነበር። 1.25 መሐል ላይ ስለሆነ አልትራሳውንድ፣ ከተገኘም ፋይብሮስካን (የጉበትን መጠንከር የሚለካ መሣሪያ) ያስፈልጋል።

ሜቶትሬክሴቱን በተመለከተ፣ ኤኤልቲ ከመደበኛው ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ያዘዘው ሐኪም ለጊዜው ያቁመው ወይም በሃይድሮክሲክሎሮኪን ይተካው እንደሆነ አሁኑኑ ይጠየቅ። ፕሬድኒሶሎንን ግን በራሳችሁ በፍጹም እንዳታቋርጡ። ለረጅም ጊዜ ሲወስዱት ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል ማምረት ስለሚቀንስ በድንገት ሲቆም ግፊት ወርዶ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል።

ከዚራ ላብ (ድሬዳዋ)፦
አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ሩማቶይድ የተባለው በምን ምርመራ ነው? በሩማቶይድ ፋክተር የደም ምርመራ ብቻ ከሆነ ለሩማቶይድ ይበልጥ የተለየው አንቲ ሲሲፒ የደም ምርመራ ይሠራላቸው። ሄፓታይተስ ሲ ራሱ ሩማቶይድ ፋክተርን ፖዘቲቭ ያደርጋል፤ መገጣጠሚያም ያሳምማል። አንቲ ሲሲፒ ኔጌቲቭ ሆኖ የእጅ ራጅ ላይ አጥንቱ ካልተበላ፣ ሕመሙ ከቫይረሱ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሜቶትሬክሴቱም ላያስፈልጋቸው ነው። ይህን ከመጀመራቸው በፊት ማወቅ ውሳኔውን በጣም ያቀላል።

ጂኖታይፕ (የቫይረሱን ዓይነት የሚለይ ምርመራ) ካልተሠራ ብላችሁ አትዘግዩ። በአገራችን በብዛት የሚታየው ጂኖታይፕ 4 ነው፣ የታዘዘውም ለሁሉም ዓይነት ይሠራል።

ፋርማሲስት ሐረር፦
የኔ ስጋት ኦሜፕራዞሉ ነው። ቬልፓታስቪር የሚሟሟው ጨጓራ ውስጥ አሲድ ሲኖር ነው፤ አሲዱ ከተቀነሰ በደም ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል፣ ሕክምናው ሊከሽፍ ይችላል። ማቆም ከተቻለ ይቁም። ካልተቻለ ከ20 ሚሊግራም አይለፍ፤ የሲው ክኒን ከምግብ ጋር ይወሰድና ኦሜፕራዞሉ ከ4 ሰዓት በኋላ ይከተል። የሚታኘኩ የጨጓራ መድኃኒቶችም በ4 ሰዓት ይራቁ።

ረመዳን ለዚህ ይመቻል፤ ክኒኑ በቀን አንድ ጊዜ ስለሆነ ከማፍጠሪያው ምግብ ጋር፣ ኦሜፕራዞሉ ደግሞ ሱሁር ላይ። ሰዓቱ ሲቀየር በአንዱ ቀን የሲ ክኒንና በቀጣዩ ቀን ክኒን መካከል ከ24 ሰዓት ብዙ እንዳይርቅ ብቻ ተጠንቀቁ።

ከረሱ፣ 18 ሰዓት ሳያልፍ ካስታወሱ ወዲያው ይውሰዱ፤ ካለፈ ይዝለሉትና ቀጣዩን በሰዓቱ። በ3 ሰዓት ውስጥ ካስታወካቸው ሌላ ይድገሙ። አንድ ብልቃጥ 28 ክኒን ነው፤ ሦስቱንም ሳትይዙ ባትጀምሩ እመክራለሁ፣ መሐል ላይ መቋረጥ ከሁሉም የከፋ ነው። ድሬ ላይ ሙቀቱን አስቡ፤ ከ30 ዲግሪ በታች ይፈልጋል፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ አይቀመጥ።

ከዚህ ክኒን ጋር የማይሄዱት፦ ለቲቢ ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን፤ ለልብ የሚሰጠው አሚዮዳሮንም የልብ ምትን አደገኛ በሆነ መጠን ሊቀንስ ይችላል። ለሕመም ፓራሲታሞል በቀን እስከ 2 ግራም። ዲክሎፌናክ ይቅር።

የሳቢያን ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሩማቶይድ የተባለው በፋክተሩ ብቻ ነው፣ አንቲ ሲሲፒ አልተሠራም። ከሰዓት ደግሞ በርጫ አለ፤ ጫቱስ?

ሐኪም ከሸንኮር፦
እንዲያውም ዋና ነገር ነው። ሐረር ሆስፒታሎች ውስጥ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር ተያይዞ አግኝቶታል። ጫት የሚያመጣው የጉበት ቁጣ በምርመራ ከኦቶኢሚዩን ሄፓታይተስ (የሰውነት መከላከያ ራሱ ጉበትን የሚያጠቃበት በሽታ) ጋር ይመሳሰላል። ቢያንስ እነዚህን 12 ሳምንታት ይተዉት። በ4ኛው ሳምንት ኤኤልቲ ሊወርድ ይገባል፤ ካልወረደ ጫት፣ ሜቶትሬክሴት ወይስ ኦቶኢሚዩን ሄፓታይተስ የሚለውን መለየት የሚቻለው ጫቱ ከተተወ ነው።

መዳናቸው የሚረጋገጠው ክኒኑ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ ቫይራል ሎድ ተሠርቶ ምንም ካልታየ ነው። አንቲቦዲው ከዳኑም በኋላ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ የቫይራል ሎዱን ወረቀት በደንብ አስቀምጡት፣ ሌላ ጤና ተቋም ሲሄዱ የሚታየው እሱ ነው።