እንግሊዝኛ ኮርስ ላይ ኢንተራክቲቭ ፊክሽን ማስተማር፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (የፈጠራ ጽሑፍ መምህርት)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ክፍል አስተምራለሁ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የፈጠራ ጽሑፍ ኮርስ ደርሶኛል። ከአጭር ልቦለድና ከግጥም ሌላ ኢንተራክቲቭ ፊክሽን ላስገባ አስቤያለሁ። ለማያውቀው፣ አንባቢው ራሱ እየመረጠ ወይም ትእዛዝ እየጻፈ የሚያስኬደው ታሪክ ነው። በሩ ይከፈት ወይስ ይለፍ የሚለውን የሚወስነው አንባቢው ነው።

ተማሪዎቼ ስድሳ ገደማ ናቸው። የኮምፒውተር ላብ አለን፤ ኢንተርኔቱ ግን አንዴ አለ፣ አንዴ የለም። ስልክ ሁሉም አለው ማለት ይቻላል። ፕሮግራሚንግ እኔም አልችል፣ እነሱም አይችሉ። የትምህርት ክፍል ኃላፊዬ ደግሞ ሐሳቤን ሲሰሙ «ጌም ልታጫውቻቸው ነው?» አሉኝ። በምን ልጀምር? ምን ላስነብብ? እንዴትስ ልረም?

መልስ 1 (የላብ ሰው)

እህቴ፣ ትዋይንን ያዢ። ክሪስ ክሊማስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ነጻ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን አንዴ አውርደሽ በፍላሽ ወደ ላቡ ትወስጂዋለሽ፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ቢኖር ባይኖር ግድ የለሽም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ገጽ ትጽፊያለሽ፣ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስደውን ሐረግ በድርብ ቅንፍ ታስገቢያለሽ። ለምሳሌ፦

[[በሩን አንኳኳ]]

ይህን ስትጽፊ በዚያው ስም አዲስ ገጽ ራሱ ይፈጠራል። ለመጀመሪያው ወር ከዚህ ሌላ ኮድ አያስፈልግሽም። ሲያልቅ «ፐብሊሽ ቱ ፋይል» የሚለውን ተጫኚ። ታሪኩ በሙሉ አንድ ኤችቲኤምኤል ፋይል ሆኖ ይወጣል። ጽሑፍ ብቻ ከሆነ መጠኑ በስልክ ከተነሳ ፎቶ ያንሳል። ቴሌግራም ላይ ልቀቂው፤ ካወረዱት በኋላ ማንኛውም የስልክ ብሮውዘር ይከፍተዋል። ሥዕል ካስገባችሁ ግን ሥዕሉ ለብቻው ስለሚቀር ለጊዜው ብትተዉት ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ። ትዋይን በብሮውዘርም ይሠራል፤ በዚያ መንገድ የተጻፈ ታሪክ ግን የሚቀመጠው እዚያው ብሮውዘር ውስጥ ነው። የላብ ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ ሲጠፉ የተሠራባቸውን ሁሉ እንዲያጸዱ ተደርገው የተዘጋጁ ናቸው። ተማሪው ሁለት ሰዓት ሲጽፍ ይቆይና በማግስቱ ሲመጣ ባዶ ያገኛል። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀር «አርካይቭ» አድርገው ፋይሉን በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይዘው ይውጡ።

መልስ 2 (ጠመኔ ይበቃኛል)

ከላይ ያለው ወንድሜ ልክ ነው፤ ግን ላቡን ለሦስተኛው ሳምንት አቆዪው። መጀመሪያ ወረቀት።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ኤ ፎር ወረቀት ለአራት እቀድና አራት አራት ለሆኑ ቡድኖች አድላለሁ። በአንድ ቁራጭ ላይ አንድ ትዕይንት፣ ከሥሩ ሁለት ምርጫ። ግድግዳው ላይ በፕላስተር ይለጥፉና በእስክሪብቶ መስመር ያገናኙታል። ሌላው ቡድን መጥቶ ቆሞ እያነበበ ይጓዛል። የት እንደሚሰለች፣ የት እንደሚስቅ፣ የት ግራ እንደሚገባው ጸሐፊዎቹ በዓይናቸው ያያሉ። ይህን ኮምፒውተር ላይ አታገኚውም።

ወረቀት ሌላም ጥቅም አለው። ጀማሪ ሁሉ በእያንዳንዱ ገጽ ሁለት አዲስ መንገድ ይከፍታል። አምስት ደረጃ ሲወርድ 31 ገጽ ይሆናል። አሥር ጊዜ ምርጫ ልስጥ ካለ መጨረሻዎቹ ብቻ 1024 ናቸው። በቃል ብትነግሪያቸው አያምኑሽም፤ ወረቀቱ ሲያልቅባቸው ግን ይገባቸዋል። ያኔ መንገዶችን መልሶ ማገናኘት ታስተምሪያለሽ፦ ተለያይተው ይሄዱና አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ እንደገና ይለያያሉ። ለአንድ ቡድን ከ15 ገጽ በላይ አትፍቀጂ።

ርዕሱም ከሚያውቁት ይሁን። ባለፈው አንድ ቡድን በታክሲ ሰልፍ የሚጀምር ታሪክ አመጣ። ለቃለ መጠይቅ የቸኮለ ልጅ ነው። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። ከልጁ ፊት የቆሙት እናት ከባድ ዘንቢል ይዘዋል። ምርጫው ሁለት ነው፦ [[አልፈሃቸው ግባ]] ወይም [[ዘንቢሉን ያዝላቸው]]። ሁለተኛውን የመረጠ ታክሲው ያመልጠዋል። በኋላ ቢሮው ደርሶ ሲያይ የጠያቂው ወንበር ላይ የተቀመጡት እኚያው እናት ናቸው። ታክሲው ውስጥ ዘሎ የገባውም እዚያው ክፍል ይደርሳል፤ እሳቸው ግን ያስታውሱታል። የአማርኛ ፊልም ፊልም ይሸታል፤ ቢሆንም ሁለት መንገድ አንድ ክፍል ውስጥ የሚገናኘው እንዴት እንደሆነ ሳልነግራቸው ሠርተውታል።

መልስ 3 (ከሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ኮሌጅ ውስጥ እንግሊዝኛ ለሁለተኛ ቋንቋ ተማሪዎች አስተምራለሁ። ትዋይን ጥሩ ነው፤ ግን ትእዛዝ እየተጻፈ የሚሄደውን የድሮውን ዓይነትም አትርሺው። ፓርሰር ይሉታል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ዊል ክራውዘር የሚባል ፕሮግራመር ኬንታኪ ውስጥ ያለውን የማሞዝ ዋሻ መሠረት አድርጎ ሠራው፤ ዶን ዉድስ በ1977 አሰፋው። በዚያው ዓመት ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዞርክ የሚባለው ሌላ የዚህ ዓይነት ሥራ ተጀመረ።

ለቋንቋ የሚጠቅመው እንዲህ ነው። ተማሪው «ቴክ ላምፕ»፣ «ጎ ኖርዝ»፣ «ፑት ኪ ኢን ቦክስ» እያለ ይጽፋል። ፊደል ከተሳሳተ ወይም «ኢን» ያለበትን «ኦን» ካለ ታሪኩ አይንቀሳቀስም። ማንም ሳይስቅበት ራሱ ያርመዋል። ዓይን አፋር ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ነው የሚፈቱት።

ለመጀመሪያ ቀን የአዳም ካድርን «9:05» ስጫቸው። እ.ኤ.አ. የ2000 ሥራ ነው፤ በጣም አጭር ነው። ሰውየው በስልክ ጥሪ ይነቃል፣ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ይወጣል። የዕለት ተዕለት ግሦች ናቸው። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ የጨረሰ ሁሉ እንደገና ይጀምረዋል። ሲጨርሱ «ኢፍ አይ ሃድ...» ብለው አምስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ያን ባላደርግ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሦስተኛውን ኮንዲሽናል ሰሌዳ ላይ ከማስለፍለፍ ይህ ይሻላል፣ ምክንያቱም በእርግጥ የተቆጩበት ነገር አላቸው።

መልስ 4 (ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ያለ)

ከሜሪላንዱ ጋር በከፊል አልስማማም። ፓርሰር የሚያውቀው ጥቂት ግሥ ነው። ተማሪው ትክክለኛ እንግሊዝኛ ጽፎም «አልገባኝም» ይባላል። በቋንቋው በራሱ የማይተማመን ልጅ ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል። ካስገባሽው ትእዛዞቹን በአንድ ገጽ አትመሽ ስጪ፦ ዙሪያን ለማየት ኤል፣ የያዝከውን ለማወቅ አይ፣ አንድን ነገር ለመመርመር ኤክስ። ሁለት ሁለት ሆነው ይጫወቱ፤ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ካርታ ይሣል።

ምርጫሽንም ተጠንቀቂ። «ሎስት ፒግ» እ.ኤ.አ. በ2007 የዘርፉን ዓመታዊ ውድድር ያሸነፈ በጣም አስቂኝ ሥራ ነው። ተራኪው ግን ሰዋስው የማይችል ፍጡር ስለሆነ እንግሊዝኛው በሙሉ ሆን ተብሎ የተሰበረ ነው። ለጀማሪ አይሰጥም። ለሦስተኛ ዓመት ከሆነ ግን አንድ አንቀጽ ቆርጠሽ «አስተካክሉት፤ ከዚያ ቀልዱ የት እንደሄደ ንገሩኝ» በያቸው።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ጠቀማችሁኝ። ወረቀቱን አስቀድማለሁ። ኃላፊዬንስ ምን ልበላቸው? እርማቱስ?

መልስ 5 (ጡረታ የቀረበው)

ልጄ፣ ለኃላፊሽ «ጌም» የሚለውን ቃል አታንሺባቸው። እንቆቅልሽ በያቸው። ኒክ ሞንትፎርት የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2003 ኤምአይቲ ፕሬስ ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ የቅርብ ዘመዱ እንቆቅልሽ ነው ብሎ ይከራከራል። እኛ ደግሞ «እንቆቅልህ!» «ምናውቅልህ!» እየተባባልን ነው ያደግነው። መልሱ ሲጠፋህ «አገር ስጠኝ» ትባላለህ፣ ጎንደርን ወይ ሐረርን ሰጥተህ ትገላገላለህ። አድማጩ ካልመለሰ ጨዋታው አይቀጥልም። የአፍ ሥነ ጽሑፍ ኮርስ ላይ ይህን እያስተማርን እዚህ ሲመጣ የምንንቅበት ምክንያት አይገባኝም።

የኮርሱ ዕቅድ (ሲላበስ) ላይ ደግሞ በቀጥታ ጻፊው፦ በሁለተኛ መደብ በአሁን ጊዜ መተረክ፣ ኮንዲሽናል፣ ለአንባቢ መጻፍ፣ ረቂቅ ማሻሻል። ኃላፊ የሚፈርመው በዚህ ነው።

መልስ 6 (አራሚው)

እርማቱ ላይ እኔ ልናገር፣ የተሠቃየሁበት ነገር ነው።

የቡድን ሥራ ሲባል አንዱ ይሠራል፣ ሦስቱ ስም ያስጽፋሉ። ትዋይን ላይ ለዚህ መላ አለ። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ታግ (መለያ ምልክት) ማድረግ ይቻላል፤ ታጉም ቀለም ይሰጠዋል። አንዱ ተማሪ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ ይሁን፣ ማን የቱን እንደጻፈ ካርታው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለአንባቢው አይታይም።

ከ30 ከሆነ የምይዘው፦ ለእንግሊዝኛው 10፣ ለምርጫዎቹ 10፣ በእጅ ለተሣለው ካርታ 5፣ ለቃል ማብራሪያ 5። ምርጫው ላይ ጠንከር በይ። «ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ?» ብሎ ምንም ሳይነግሩ ማስመረጥ ሎተሪ ነው። አንባቢው ለመወሰን የሚያስችለው ፍንጭ ማግኘት አለበት፣ ከወሰነ በኋላም የሆነ ነገር መለወጥ አለበት። የቱንም ብትነኪ አንድ ገጽ ላይ የሚጥልና ምንም የማያስታውስ ከሆነ ውሸት ነው፤ ነጥቡን ቁረጪ።

የቃል ማብራሪያውን ደግሞ አትዝለዪው። ዘንድሮ ቻትጂፒቲ ያልነካው አሳይመንት ማግኘት ከባድ ነው። ቡድኑን አስቀምጬ ፋይላቸውን እከፍታለሁ፣ አንድ መንገድ እመርጥና «ይህን ስነካ ለምን እዚህ አመጣችሁኝ?» እላለሁ። የጻፈ ይመልሳል። አሥራ አምስት ቡድን ለአሥር አሥር ደቂቃ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ስድሳ ድርሰት ቤት ተሸክሞ ከመሄድ ግን ይቀላል።

የጠያቂዋ ምላሽ

የታጉን ነገር ብቻ ለማወቅ ብጠይቅ ይበቃኝ ነበር! አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ትዋይንን ጫንኩትና ሞከርኩት፤ ታሪኩ ሲከፈት ጎን ላይ የመመለሻ ቀስት አለው። ተማሪዎቹ የመረጡት ሲያስከፋቸው ወደ ኋላ እየተመለሱ ቢያጭበረብሩስ? ማጥፋት ይቻላል?

መልስ 1 (የላብ ሰው)

ሃርሎ በሚባለው የታሪክ ፎርማት ስለጀመርሽ ነው፤ ትዋይን ሲጫን የሚመጣው እሱ ነው። ቀስቱን ማስወገድ ይቻላል፣ ቻፕቡክ የሚባለውን ፎርማት ብትመርጪ ደግሞ ከመጀመሪያውም የለውም። እኔ ግን ተይው እላለሁ። ተማሪ በራሱ ፈቃድ የእንግሊዝኛ ገጽ ሁለቴ አነበበ ማለት አይደል እንዴ?