ለናፍጣ ኮሮላ አርፒኤም ቆጣሪ ያስገጠመ ሰው አለ?

እንዴት ናችሁ? የመኪና ኤሌክትሪክ የምታውቁ እስቲ እርዱኝ። ያለሁት ጎንደር ነው። መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ 1ሲ ናፍጣ። ዳሽቦርዷ ላይ አርፒኤም (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር የሚያሳየው ቆጣሪ) የለም። ሊማሊሞን ስወጣ ድምጿን እያዳመጥኩ ማርሽ መቀየር ሰለቸኝ።

እዚህ ገበያ ያገኘሁት ሁሉ የቤንዚን ነው። እሱ የኤሌክትሪክ ምቱን የሚቆጥረው ለካንዴላ እሳት ከሚሰጠው ኮይል ነው። ናፍጣ ካንዴላም ኮይልም የለው፣ ከየት ያምጣ!

ስለዚህ ከዲናሞ ምት የሚወስድ የናፍጣ ቆጣሪ አስመጣሁ። የሚገጠመው «ደብሊው» ከሚባለው ጫፍ ነው። የኔ ዲናሞ ግን ያ ጫፍ የለውም። ከኋላው የፍሬኑ ቫኪዩም ፓምፕ ስለተቀመጠበት ለመፍታትም አይመችም። ኤሌክትሪሻኑ «ከዳዮዱ (ኤሲውን ወደ ዲሲ ከሚቀይረው) በፊት ካሉት ሦስት ሽቦዎች አንዱ ላይ በይደን እናውጣ» ይለኛል። ያስኬዳል? ወይስ ዲናሞዬን አቃጥዬ ቁጭ ልል ነው?

ሌላው የቆጣሪው ማስተካከያ ነው። ዲናሞው 12 ፖል (የማግኔት ጫፍ) ከሆነ በአንድ ዙሩ 6 ምት ይሰጣል። ያንን ደግሞ ዲናሞው ከሞተሩ በሚፈጥንበት ልክ ማባዛት አለብኝ። የፑሊዎቹን ስፋት በሜትር ለክቼ ልመነው? ቺንጋው እንደሆነ አንዳንዴ ይንሸራተታል። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የሞተሩን ዙር በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ያለው ጋራዥ፣ እዚሁ ወይም አዘዞ የምታውቁ ጠቁሙኝ።