ለቆርቆሮ አጥር የተጠጋ መደብ ሲስተካከል አጥሩን ከአፈር እንዴት እናድነው?

ጓሮ_ሽምብጥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቦታው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። የአትክልት መደቡ ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር ሆኖ ወደ አጥሩ ይዘቀዝቃል፤ ከላይኛው ጠርዝ እስከ አጥሩ 40 ሳንቲ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ፍጉንም ዘሩንም ጠርጎ አጥሩ ሥር ይከምረዋል። አጥሩ ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ነው፤ ቋሚዎቹ 40 በ40 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ አራት ማዕዘን ብረት)፣ በየ2 ሜትሩ በኮንክሪት የተተከሉ። ያሰብኩት አፈር አስመጥቼ ዝቅ ያለውን በመሙላት መደቡን ሜዳ ማድረግ ነው። በአፈሩና በቆርቆሮው መሃል ወፍራም ላስቲክ ባደርግ ይበቃል? ወይስ የተቃጠለ ዘይት ልቀባው? የሚተከለው ጎመን፣ ቃሪያና ትንሽ ጌሾ ነው።

ውሃ_ልክ፦
ላስቲክ አይበቃም። ዝገቱን ትንሽ ቢያዘገይ እንጂ ግፊቱን አያስቀርም። 40 ሳንቲ ከፍታ ያለው እርጥብ አፈር በእያንዳንዱ ሜትር የአጥር ርዝመት ላይ ወደ 70 ኪሎ ይገፋል። ዝናብ ጠጥቶ ውሃው መውጫ ካጣ ደግሞ ከ100 ኪሎ ያልፋል። 32 ጌጅ ቆርቆሮ ይህን አይችልም፤ መጀመሪያ በቋሚዎቹ መካከል ይቆለመማል፣ ቀጥሎ ቪዳው ቀዳዳውን እያሰፋ ይነቀላል፣ በመጨረሻ ቋሚው ራሱ ያዘነብላል።

ይልቅ ለምን ሁሉን በሙሌት? ከላይ ቆርጠው ወደ ታች ያውርዱት። ከአጥሩ 50 ሳንቲ ይልቀቁ፤ መደቡ 3.5 ሜትር ይሆናል፣ የሚወርደውም 35 ሳንቲ። ጨርሶ ሜዳ አያድርጉት፤ ውሃ ይቋጥራል። በ100 ሳንቲ 2 ሳንቲ ተዳፋት ቢተውለት 7 ሳንቲ ነው። የቀረውን 28 ለሁለት ሲካፈሉት ከላይ 14 ሳንቲ ይቆረጣል፣ ከታች 14 ሳንቲ ይሞላል። ግፊቱ ከከፍታው ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፤ ከፍታው እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ በ14 ሳንቲ ላይ በሜትር 10 ኪሎ እንኳን አይሞላም፣ እሱም አጥሩን ሳይሆን ከአጥሩ ፊት የሚሠራ ትንሽ ግንብ ነው የሚገፋው። ባሰቡት መንገድ ቢሆን 8 ሜትር ኩብ አፈር መግዛት ነበረብዎት። በዚህኛው የሚንቀሳቀሰው 1.2 ሜትር ኩብ ያህል ነው፣ ያውም የራስዎ አፈር።

አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ከመቁረጥዎ በፊት የላዩን ጥቁር አፈር 15 ሳንቲ ያህል ገፈው ለብቻው ይከምሩ። ከሥር ያለውን ቀይ አፈር ካስተካከሉ በኋላ መልሰው ያልብሱት። ይህን ዘልሎ የቆረጠ ሰው ላይኛው ግማሽ ላይ ጎመን አይበቅልለትም።

ግንቡ ከአጥሩ 50 ሳንቲ ርቆ ይሠራል። 30 ሳንቲ ስፋት፣ 35 ሳንቲ ጥልቀት ይቆፈር። ከሥር 15 ሳንቲ ኮንክሪት (ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር 1 ለ3 ለ6)፣ በላዩ ሁለት መስመር ባለ 15 ብሎኬት፤ አንዱ መሬት ውስጥ፣ አንዱ ከመሬት በላይ። ለ10 ሜትር 50 ብሎኬት ነው፤ ስለሚሰበር 54 ይግዙ። ባለ 10 ሚሊ ፌሮ በየ80 ሳንቲው፣ እግሩ ኤል ሆኖ ተጣጥፎ ኮንክሪቱ ውስጥ ይቁም፤ አንድ ባለ 12 ሜትር ፌሮ ይበቃል። የብሎኬቱ ቀዳዳዎች በ1 ለ2 ለ4 ኮንክሪት ይሞሉ። ሲሚንቶው በጠቅላላ ሁለት ኩንታል ተኩል። በየአንድ ሜትር ተኩሉ ለውሃ መውጫ ባለ 50 ሚሊ የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ ግንቡን አቋርጦ፣ በአጥሩ በኩል ካለው መሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ወደዚያው ዘንበል ይበል፤ ከኋላው፣ በመደቡ በኩል፣ ጠጠርና ሻካራ አሸዋ ካልተደረገ በአንድ ክረምት ይደፈናል።

ብየዳ_ቤት፦
ወንድሜ፣ የተቃጠለ ዘይቱን እርሳው። ዘይት ለእንጨት ቋሚ ምስጥ እንዳይበላው ይቀባል እንጂ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ አጥቦ ጎመንህ ሥር ነው የሚያወርደው። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ሐይቁ አጠገብ ላለ ሰው አይነገርም።

ቆርቆሮ አፈር ሲነካው ክፉኛ የሚበላው ከአፈሩ ወለል ጋር እኩል በሆነው መስመር ነው፤ እርጥበቱም አየሩም እዚያ ይገናኛሉ። ቆርቆሮው የተለበጠበትን ዚንክ ፍግ፣ አመድና ያልደረቀ ሲሚንቶ ሦስቱም ይበሉታል። ስለዚህ የቆርቆሮው ጫፍ ከመሬት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ከፍ ይበል። አሁን ጎርፍ የከመረበት ካለ አፈሩን ጠርገህ እይ። ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ፣ አጥበህ አድርቅ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀባ፣ ከዚያ ሁለት እጅ ቀለም። ዚንኩ ገና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ተራ የዘይት ቀለም በቀጥታ አትቀባ፤ ከዚንኩ ጋር ተስማምቶ አይኖርም፣ በዓመት ውስጥ እንደ ቅርፊት ይላጣል። የጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ ብረት) ማስያዣ ቀለም አለ፣ እሱ ይቅደም። በስቶ ከሆነ ግን ታችኛውን 15 ሳንቲ በቆርቆሮ መቀስ ቁረጠው። በግራይንደር አይሆንም፣ ሙቀቱ ዚንኩን ያቃጥለዋል።

ቱቦላሬው ላይ ያለው ችግር ከቆርቆሮው ይብሳል። ኮንክሪቱ ከመሬት በታች ከቀረ አፈርና ውሃ አንገቱ ላይ ይቀመጣል። አንገቱን አጽድተህ ካትራሜ (ጥቁር ሬንጅ) ቀባ፣ ከዚያ ኮንክሪት ጨምረህ ከመሬት 5 ሳንቲ ከፍ አድርገው፣ ላዩን ወደ ውጭ አዘቅዝቀው። የቱቦላሬው አናት ክፍት ከሆነም በላሜራ ድፈነው፤ ዝናብ ከላይ ገብቶ ከውስጥ ነው የሚያበሰብሰው።

ጓሮ_ሽምብጥ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። 50 ሳንቲ ብዙ መሬት ነው፤ 10 ሳንቲ ትቼ ጠጠር ብሞላውስ? ሌላው፣ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት ስላለ ውሃውን ወደዚያ መልቀቅ አልችልም። ጥግ ላይ ድንጋይ የተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ ብቆፍር?

ውሃ_ልክ፦
10 ሳንቲ ከምንም አይሻልም። ቅጠልና ደለል ገብቶ ጠጠሩን ይሞላዋል፣ እጅም አካፋም አይገባም፣ በሁለት ዓመት አፈሩ ተመልሶ ቆርቆሮው ላይ ነው። ቢያንስ 40 ይሁን፤ ሰው ገብቶ የሚጠርግበትና ቀለም የሚቀባበት መሆን አለበት።

ደለል_ጠራጊ፦
የማስረጊያው ጉድጓድ ነገር እንደ ቦታው ነው። ጣና በብዛት ከፍ የሚለው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ ለዳርቻው በቀረበ ጓሮ ያን ጊዜ የከርሰ ምድሩ ውሃም ወደ ላይ ይመጣል፣ ጉድጓዱ ቢሞላ እንጂ አያሰርግም። ለመሞከር ነሐሴ መጨረሻ ላይ 60 ሳንቲ ቆፍረው ያሳድሩት። ጠዋት ውሃ ካገኙበት ማስረጊያውን ይተዉት፣ በግንቡና በአጥሩ መካከል ያለውን ክፍተት ቦይ አድርገው ወደ መንገዱ ቦይ ይምሩት። በ10 ሜትር 10 ሳንቲ ቁልቁለት ይበቃል፤ ውሃ በሞላ ግልጽ ቱቦ ለክተው ሲባጎ ይወጥሩ፣ በዓይን ግምት አይሆንም። የቦዩ ወለል ከአጥሩ ወደ ግንቡ ትንሽ ያዘንብል፣ ውሃው ከቆርቆሮው ይርቃል። ከመደቡ በላይ ደግሞ 20 ሳንቲ ጥልቀት ያለው መቀልበሻ ቦይ ያስፈልጋል፤ የግቢውን ጎርፍ እሱ ካልወሰደው ከታች ያለው ሁሉ አይችለውም።

ለሙሌት ዋልካ አይግባ። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በየዓመቱ ግንቡን ይገፋዋል። ቀዩን አፈር ከ7 ሳንቲ በማይበልጥ ንብር፣ በትንሹ አርጥበው ይጠቅጥቁ። ጭቃ ሲሆን መጠቅጠቅ ጥቅም የለውም፤ ሥራው ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ሰኔ ሳይገባ ይለቅ። ግንቡ ከተሠራ ሳምንት ሳይሞላው አፈር አያስደግፉበት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ያጠጡት። ጎመንና ቃሪያ እስከ ግንቡ ድረስ ይተከላሉ። ጌሾው ግን ሥሩ ስለሚጠነክር ከግንቡ አንድ ሜትር ይራቅ፣ ቢቻል ላይኛው ጠርዝ ላይ ይሁን፤ እዚያ የተቆረጠውን አፈርም ይይዝልዎታል።