ለነሐሴ ሮም ይሻላል ወይስ ቪየና?

መምህሩ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ጀርመን የምትኖር ታናሽ እህቴ ጥሪ ልካልኝ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ነሐሴ ላይ ልሄድ አስቤያለሁ። እግረ መንገዴን ሁለት ከተማ ማየት እፈልጋለሁ። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ልቤ ወደ ሮም ያደላል፤ እህቴ ግን «ሮም በነሐሴ እሳት ነው፣ ቪየና ይሻልሃል» ትላለች። ቬኒስንም የሚያነሱልኝ አሉ። የአስጎብኚዎችን ማስታወቂያ ጠግቤያለሁ፤ እዚያው የምትኖሩ ምን ትላላችሁ? ፍልሰታን እንደምጾምም ልብ በሉልኝ።

የአንኮበሯ (ሮም)

መምህር፣ ሮም ለሚኖርባትና ለሚጎበኛት አንድ አይደለችም። እኔ የምኖረው አረጋውያን እየተንከባከብኩ ነው። አውቶቡስ ስጠብቅ ያለፈው ዕድሜዬ ቢሰበሰብ አንድ ልጅ ያሳድጋል። ሮማዊው ራሱ ቀኑን ሙሉ ከተማውን ሲያማ ይውልና ሌላ ሰው ሲያማበት ይቆጣል። እርስዎ ግን በእግርዎ ስለሚሄዱ ይህ ሁሉ አይነካዎትም።

እህትዎ ስለ ሙቀቱ አልዋሸችም፤ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። በዚያ ላይ ነሐሴ 9 ቀን ፌራጎስቶ የሚሉት በዓላቸው ስለሆነ የከተማው ሰው ወደ ባሕር ይወርዳል፤ የሰፈሬ ዳቦ ቤትና ጫማ ሠሪው ሳይቀሩ በራቸው ላይ ወረቀት ለጥፈው ይጠፋሉ። ስለዚህ ማለዳ ወጥተው እስከ አራት ሰዓት ይዙሩ፤ ቀኑን ጥላ ይያዙ፤ ማታ እንደገና ይውጡ። ውሃ በገንዘብ እንዳይገዙ። በየመንገዱ ናሶኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች ቀዝቃዛ ውሃ ያወርዳሉ፤ የቧንቧውን አፍ በጣትዎ ሲደፍኑት ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ሽቅብ ይወጣልዎታል፤ ጎንበስ ብሎ መጠጣት ነው።

ለታሪክ መምህር ደግሞ ከኮሎሲየሙ በፊት የምነግርዎት አለኝ። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሲወጡ የሚረግጡት አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። እነማን እንደሆኑ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣሏቸው ወታደሮች ናቸው። የመታሰቢያ ሐውልታቸውም ከዚያው ብዙ አይርቅም። ሰዉ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፋል እንጂ ማንም ዞር ብሎ አያየው። በ1929 ዓ.ም. የወሰዱት፣ በ1997 ዓ.ም. የመለሱልን የአክሱም ሐውልት የነበረበት ቦታም ፖርታ ካፔና ላይ፣ ከዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተሙት እዚሁ ሮም ነው። የሀገራችን መነኮሳት ያርፉበት የነበረው ቅዱስ እስጢፋኖስ ግን ከቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባበትም።

ለጾም አይስጉ፤ «ማሪናራ» ብለው ፒዛ ይዘዙ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት እንጂ አይብ የለውም። ቡና ቆመው ይጠጡ፤ ወንበር ከሳቡ ዋጋው ይጨምራል።

የመንዝ ልጅ (ቪየና)

እህታችን ቆሞ ቡና መጠጣትን እንደ ሙያ ስትመክር ገረመኝ! እዚህ አንድ ቡና አዘው ጋዜጣ ይዘው ግማሽ ቀን ቢቀመጡ «ይነሱ» የሚል የለም። ከቡናው ጋር ውሃ በብርጭቆ ይቀርባል፤ ውሃው ከ1873 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአልፕስ ተራሮች በቦይ የሚመጣ ነው። ትራሙ ሰዓቱን ያከብራል። ለመኖር ከሆነ ከቪየና የሚበልጥ አላውቅም።

ለጎብኚ ግን እውነቱን ልናገር። ታላቁ ኦፔራ ቤት ሐምሌና ነሐሴ ያርፋል፤ እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ሰዉም ጨዋ ቢሆንም ቶሎ አይቀርብም። የሾንብሩን ቤተ መንግሥትን የአትክልት ስፍራ በነጻ ይዘዋወሩበት፤ ውስጡ በክፍያ ነው።

ቬኒስን ይተዉት ባይ ነኝ። በአሮጌው ከተማ የቀረው ነዋሪ ከ50 ሺህ በታች ነው፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለደርሶ መልስ ጎብኚ በተወሰኑ ቀናት መግቢያ ማስከፈል ጀምረዋል። ሲነጋ ማየት ካልቻሉ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ መዋል ነው።

ሸዋ ሮቢት

ወገኖቼ፣ ከተማ ከመምረጥ በፊት ቪዛ አለ! የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት የእኛ ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ተደጋጋሚ መግቢያ የሚፈቅድ ቪዛም እንዳይሰጥ ተብሏል። ከማመልከትዎ በፊት የወቅቱን ደንብ ይጠይቁ። ጀርመን፣ ጣሊያንና ኦስትሪያ በአንዱ የሼንገን ቪዛ ይታያሉ፤ መካከል ላይ ለንደን ደርሼ ልመለስ ቢሉ ግን በር ይዘጋብዎታል።

መምህሩ (ደብረ ብርሃን)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቬኒስን ሰርዣለሁ። ሮም እቀድማለሁ፣ ቪየና ላይ አርፋለሁ። እህቴ አንኮበሯ፣ ማደሪያ ቴርሚኒ አካባቢ ልያዝ?

የአንኮበሯ (ሮም)

ርካሽ ይገኛል፤ ግን ኪስ አውላቂው ብዙ ነው። ሳን ጆቫኒ በኩል ይፈልጉ፤ ሜትሮ አለው፣ ወደ ኮሎሲየምም በእግር ይደረሳል። አየር ማቀዝቀዣ መኖሩን ሳይጠይቁ ገንዘብ እንዳይከፍሉ።