ከአያቴ ሣጥን የወጡት ትንንሽ ወታደሮች የማን ሥራ ናቸው?

ጥያቄ፤ የፒያሳ ልጅ (ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ክረምት የአያቴን የልብስ ሣጥን ስናራግፍ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለሉ 11 የወታደር አሻንጉሊቶች አገኘን። ስምንቱ ባዶ እግራቸውን ሆነው፣ ካኪ ለብሰውና ቀይ ታርቡሽ ደፍተው ጠመንጃቸውን በትከሻቸው የያዙ ናቸው። ቁመታቸው ከአምስት ሴንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ማግኔት ባስጠጋባቸውም አልሳባቸውም። ዘጠነኛው የእነሱው ዓይነት ሆኖ ጭንቅላቱ የወደቀ በመሆኑ ልጥለው ነበር። የቀሩት ሁለቱ ረዘም ብለው ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ናቸው፤ ከብረት የተሠሩም አይመስሉም። የአንደኛው ጉልበት ተሰንጥቆ ቀጭን ሽቦ ወጥቶበታል።

አክስቴ እንደነገረችኝ አያቴ ያገኟቸው ጣሊያን ከከተማው ሲወጣ ባዶውን ከቀረ ቤት ነው። ስለዚህ የጣሊያን አስካሪዎች (ለጣሊያን ያገለግሉ የነበሩ አፍሪካውያን ወታደሮች) ናቸው፣ የተሠሩትም እዚያው ጣሊያን ነው ብዬ ደምድሜ ነበር፤ ይሁንና አንድ ወዳጄ «በምን አረጋገጥህ?» ቢለኝ መልስ አጣሁ። የሠሪያቸውን ማንነት የሚናገር ምልክት የት ይገኛል? ከሦስቱ እግር ሥር ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ስለሚታይ ጠርጌ ቀለማቸውን ላድስ፣ ወይስ እንዳሉ ልተዋቸው? («የእርሳስ ወታደር» ብዬ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የሚመጣልኝ ብረቱ ሳይሆን የመጻፊያ እርሳስ ብቻ ነው።)

መልስ 1፤ አሮጌ ዕቃ ወዳጅ

ከሁሉ በፊት ራሱ የወደቀውን እንዳይጥሉት እለምንዎታለሁ፤ ለምርመራ ከሁሉም የሚጠቅምዎት እርሱ ነው። አንገቱን ወደ ብርሃን አዙረው ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ውስጡ ባዶ ሆኖ ግድግዳው ስስ ከሆነ፣ የለንደኑ ዊልያም ብሪተን እ.ኤ.አ. በ1893 ለአሻንጉሊት ወታደር ሥራ ባዋለው ዘዴ የተሠራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ የቀለጠው እርሳስ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስና ከግድግዳው ጋር የተነካካው ሲረጋ፣ ገና ያልረጋው የመሃሉ ተመልሶ ይደፋል። በዚህ ምክንያት አሻንጉሊቱ እርሳስ ስለሚቆጥብ ዋጋው ረከሰ፤ ሙሉ እርሳስ ይሠሩ ከነበሩት ከጀርመኖቹ ጋር ገበያ ለመሻማት የበቃውም በዚሁ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን የነበሩ ልጆች አንገቱ የተሰበረውን ወታደር የክብሪት እንጨት በሁለቱ ባዶዎች መካከል ሰክተው ይጠግኑት ነበርና፣ አንገቱ ውስጥ የእንጨት ስባሪ ቢያገኙ አይደነቁ።

ቀጥሎ ከእግራቸው ሥር ያለውን መቆሚያ በአጉሊ መነጽር ያንብቡ። ብሪተንስ (የብሪተን ኩባንያ) መጀመሪያ ትንሽ ወረቀት ይለጥፍ ነበር፤ በኋላ ግን ስሙንና «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» የሚለውን ከእርሳሱ ጋር አብሮ ማውጣት ጀመረ። ቁመታቸው ወደ 54 ሚሊ ሜትር መሆኑም የዚያ ፋብሪካ መደበኛ ልክ ነው፤ ነገር ግን ሌሎችም ስለቀዱት ቁመት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አንደኛው ክንድ በትከሻው ላይ ይዞራል ወይ? ይህንንም ይሞክሩ፣ በቀስታ።

ሽቦ የወጣባቸው ሁለቱ ፈጽሞ የተለየ ወገን ናቸው። ሰጋቱራና ኮላ ተቦክቶ በሽቦ አጥንት ላይ የሚጋገርበት የጀርመን ሥራ ነው፤ ከሠሪዎቹ ዋነኞቹ ኤላስቶሊን የሚል ስም የሚያትመው ሃውሰርና ሦስት ዝይዎችን ምልክቱ ያደረገው ሊኔዎል ናቸው። እነዚህን ውኃ አያስነኳቸው፤ ያብጣሉ፣ ከዚያም ይፈረፈራሉ።

መልስ 2፤ ከአዘዞ

ስለ ነጩ ዱቄት ብቻ ልናገር። እርሳስ ከእንጨትና ከካርቶን በሚወጣ የአሲድ ትነት ይበላል፤ በተለይ ሣጥኑ ተዘግቶ ክረምቱ ሲረጥብ ይብስበታል። ያ ዱቄት መርዝ ስለሆነ በአፍዎ አይንፉት፤ ከነኩም በኋላ እጅዎን ይታጠቡ፣ ከሕፃናትም ያርቁት። የተጠቁትን ሦስቱን ከሌሎቹ ለይተው፣ ከእንጨት ሣጥን አውጥተው ደረቅ ቦታ ያኑሯቸው። ቀለም ማደስ የሚባለውን ግን ይርሱት። የፋብሪካው ቀለም የተላጠም ቢሆን ከአዲሱ ይበልጣል፤ እኔ አንዱን አሳምሬ ቀብቼ ኋላ ማንነቱን የሚለይልኝ ሰው አጥቻለሁ።

የፒያሳ ልጅ

ከልብ አመሰግናለሁ። የሰፈራችን አንጥረኛ መነጽሩን አውሶኝ ስምንቱንም አየኋቸው። በስድስቱ መቆሚያ ላይ «ብሪተንስ» እና «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» የሚለው በግልጽ ይነበባል። ቀኝ ክንዳቸውም ይዞራል። ራሱ የወደቀው ውስጡ ባዶ ነው፤ ክብሪቱን ግን አላገኘሁም። ታዲያ የእንግሊዝ ፋብሪካ የጣሊያን አስካሪ ሠርቷል ማለት ነው?

መልስ 3፤ የታሪክ መምህር

ቀይ ታርቡሽ የጣሊያን አስካሪ ብቻ አልነበረም። የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ጦር የሆነው የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስም ታርቡሽ ያደርግ ነበር፤ ብሪተንስም ይህንኑ ጦር በካታሎግ ቁጥር 225 ሠርቶ ይሸጥ ነበርና በመጀመሪያ ከዚያ ጋር ያስተያዩት። ይኸው ኩባንያ በጣሊያን ወረራ ሰሞን የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኛ በቁጥር 1424፣ የኢትዮጵያ ተዋጊዎችን ደግሞ በቁጥር 1425 አውጥቶ ስለነበር እነዚያንም ሳያዩ አይለፉ።

የሚገርመው ነገር የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ወታደሮች በእውነተኛ አካላቸው እዚሁ አጠገባችን ቁልቋል በር ላይ ተዋግተው፣ የጣሊያን ጦር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሰጥቷል። ነገር ግን ይህ መገጣጠም አያታልለን፤ አሻንጉሊቶቹ ከእነዚያ ወታደሮች ጋር መጡ ለማለት አያበቃም። ለንደን የተሠራ አሻንጉሊት በጣሊያን ልጅ እጅ ሊገኝ ይችላል፤ የተገኘበት ቤትና የተሠራበት ፋብሪካ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ስለዚህ ከመቆሚያው ያነበቡትን በአንድ ገጽ፣ አክስትዎ የነገሩዎትን ደግሞ በራሳቸው አነጋገርና ከነቀኑ በሌላ ገጽ ይጻፉ፤ ሁለቱን አይቀላቅሏቸው። ለመሆኑ አክስትዎ ያ ባዶውን የቀረው ቤት የት ሰፈር እንደነበረና ማን ይኖርበት እንደነበር ያስታውሳሉ?