በአንድ ተዋናይ ተውኔት ውስጥ የፍቅር መተግበሪያ ጭውውቶችን እንዴት መድረክ ላይ ላውጣቸው?

ጥያቄ፦ ከ«ባዶ ወንበር»

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ተዋናይ ብቻውን የሚጫወተው፣ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ተውኔት በመጻፍ ላይ እገኛለሁ። ባለታሪኩ ኩዊር፣ ማለትም በፍቅር ዝንባሌው ወይም በጾታ ማንነቱ ከብዙኃኑ የተለየ ሰው ነው፤ ፍቅረኛ ለማግኘት በተለያዩ መተግበሪያዎች ላይ ፕሮፋይል ይከፍታል፣ በእያንዳንዱም ላይ ስለ ራሱ የሚጽፈው ይለያያል። በአንዱ ቁጥብ ነው፣ በሌላው ደፋር፣ በሌላው ደግሞ ፊቱ የማይታይበት ፎቶ ብቻ ነው የሚለጥፈው። ተውኔቱ የሚጠይቀው፣ ለመወደድ ሲል ራሱን ደጋግሞ የጻፈ ሰው በመጨረሻ የትኛውን ሆኖ ወደ ቀጠሮው እንደሚሄድ ነው።

ያስቸገረኝ የታሪኩ ግማሽ ያህል በጽሑፍ መልእክት የሚካሄድ መሆኑ ነው። መልእክቶቹን በስክሪን ላሳያቸው፣ በተቀረጸ ድምፅ ላሰማቸው፣ ወይስ ተዋናዩ ሁለቱንም ወገን ሆኖ ይጫወታቸው? በተጨማሪም አንዳንዶቹ መልእክቶች ባለፉት ዓመታት ለእኔው የተላኩ ናቸው፤ ስም ቀይሬ ብጠቀምባቸው ተገቢ ነው? በመጨረሻም፣ ስለ ኩዊር ሕይወት ምንም የማያውቅ ተመልካችና ያንን ሕይወት የሚኖር ተመልካች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን ያህል ላብራራ?

መልስ፦ ከ«መጋረጃ ሳቢ»

የመጀመሪያውን ጥያቄዎን በአዘጋጅነት ከምሠራው ሥራ ተነሥቼ ልመልስ። ከሦስቱ አማራጮች አንዱን ከመምረጥዎ በፊት አራተኛውን፣ ማለትም የሌላውን ወገን መልእክት ጨርሶ አለማሰማትን እንዲያስቡበት እመክራለሁ። ፈረንሳዊው ደራሲ ዣን ኮክቶ የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1930 በፓሪሱ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ቴአትር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «የሰው ድምፅ» የተሰኘው ተውኔት፣ አንዲት ሴት ከተለያት ፍቅረኛዋ ጋር በስልክ ስትነጋገር ብቻ የሚያሳይ ነው፤ የሰውየው ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይሰማም። ተመልካቹ እርሱ ያለውን የሚረዳው ከእርሷ መልስ፣ ከንግግሯ መቆራረጥና ደኅና ነኝ እያለች ከምትዋሸው ውሸት ነው። የማይሰማው ሰው፣ በተዋናይ ከተወከለ ሰው ይልቅ አዳራሹን ሊሞላው ይችላል።

የስልክ ንግግርና የመተግበሪያ ጭውውት ግን አንድ አይደሉም። በስልክ ዝምታው የሚቆየው ለሰከንዶች ነው፤ በመተግበሪያ ግን መልእክቱ ተነቦ መልሱ ከቀናት በኋላ ሊመጣ፣ ከነጭራሹም ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ መድረክ ላይ ሊሠራ የሚገባው መጠበቁ ነው። ተዋናዩ ጽፎ ሲሰርዝ፣ ሌላው ሰው እየጻፈ መሆኑን የሚያመለክቱት ነጥቦች ታይተው ሲጠፉ፣ ከዚያም ያንኑ ዐረፍተ ነገር ግድ እንደሌለው አስመስሎ እንደገና ሲጽፈው ያሳዩን። ባለታሪኩ ራሱን የሚያርመው በዚያች ቅጽበት ስለሆነ፣ የተውኔትዎ ጥያቄ ያለው እዚያው ነው።

ስክሪን ለመጠቀም ከወሰኑ፣ ተዋናዩ በስክሪኑ ላይ ያለውን ደግሞ አያንብብ። ተመልካች የተጻፈ ነገር ፊቱ ከመጣ ማንበቡን ሊተው አይችልም፤ ቀድሞ ጨርሶ ተዋናዩን መጠበቅ ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል፤ እርሱም ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ግራይንደር የተሰኘው የኩዊር ሰዎች መተዋወቂያ መተግበሪያ ሰዎችን የሚደረድረው በቅርበታቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣው ሌላው የፍቅር መተግበሪያ ቲንደር ደግሞ እያንዳንዱን ፊት በጣት ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እንዲገፋ አደረገ። እነዚህ ሁለቱ ለተዋናዩ አካል የተለያየ ሥራ ይሰጡታል። ተዋናዩ «ሦስት መቶ ሜትር፣ መቶ ሃምሳ፣ ሰማንያ» ብሎ ሲናገር፣ አንድ ሰው እየቀረበ መሆኑን አዳራሹ ያለ ምንም ማብራሪያ ያውቃል፤ የሚመጣው ፍቅር ይሁን አደጋ ግን አያውቅም።

መልስ፦ ከ«ሁለተኛ ረቂቅ»

ስለ መልእክቶቹ ባለቤትነት ላነሡት ጥያቄ መልሴ፣ ስም መቀየር አይበቃም የሚል ነው። ሰውን የሚያሳውቀው ስሙ ብቻ ሳይሆን አነጋገሩ፣ ሥራው፣ የሚኖርበት አካባቢና የሚደጋግመው ቀልድ ነው፤ በተመልካቾችዎ መካከል ደግሞ ያንን ሰው የሚያውቅ ሊኖር ይችላል። በብዙ አገሮች ሕግ፣ የተላከ ደብዳቤ ወረቀቱ የተቀባዩ ቢሆንም የጽሑፉ የቅጂ መብት የላኪው ሆኖ ይቀራል።

ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የኖርዌይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2021 ግራይንደርን የተጠቃሚዎችን መረጃ ለማስታወቂያ ድርጅቶች አሳልፎ ሰጥቷል በማለት 65 ሚሊዮን ክሮነር ሲቀጣው፣ አንድ ሰው የዚህ መተግበሪያ ተጠቃሚ መሆኑ መታወቁ ብቻውን ልዩ ጥበቃ የሚያስፈልገው መረጃ ነው የሚል አቋም ይዞ ነበር። ለቤተሰቡ ያልተናገረ ሰው በእርስዎ ተውኔት ውስጥ ራሱን ቢያገኝ፣ የእርስዎ የኪነ ጥበብ ነጻነት እርሱን ከጉዳት አያድነውም። አሜሪካዊቷ ተዋናይትና ጸሐፌ ተውኔት አና ዲቪር ስሚዝ ሰዎችን ቃለ መጠይቅ አድርጋ ቃላቸውን እንዳለ መድረክ ላይ ስትናገር፣ ተናጋሪዎቹ ቃላቸውን የሰጡት እያወቁ ነው፤ ለእርስዎ የጻፈልዎት ሰው ግን የጻፈው ለአንድ አንባቢ ነበር።

እርስዎ የጻፏቸው መልእክቶች ግን የእርስዎ ናቸው። የሌላውን ወገን አለማሰማት የሚለው ከላይ የቀረበው ሐሳብ ይህንንም ችግር አብሮ ያቃልልልዎታል፤ መልስዎ ራሱ የላኪውን ማንነት እንዳይጠቁም ብቻ ይጠንቀቁ።

መልስ፦ ከ«አራተኛ ረድፍ»

እንደ ኩዊር ተመልካች ከላይ ከተባለው በአንዱ አልስማማም። የሌላው ወገን ድምፅ ፈጽሞ ካልተሰማ፣ በእኛው መካከል ያለው ክፋትም ሳይሰማ ይቀራል። «ሴታ ሴት የሆነ አይጻፍልኝ»፣ «የእንዲህ ዓይነት ዘር አልፈልግም» የሚሉ መስመሮች የአንድ ሰው ምስጢር አይደሉም፤ በየፕሮፋይሉ አደባባይ ላይ የተለጠፉ ናቸው። ግራይንደር ራሱ ሰዎችን በዘር እየለዩ ለማጣራት የሚያስችለውን አማራጭ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነበር። ባለታሪክዎ ራሱን አሥር ጊዜ የሚጽፈው እነዚህን እያነበበ ስለሆነ፣ እነርሱ ከጠፉ እኔ መድረክ ላይ የማየው በገዛ እጁ ራሱን የሚያስጨንቅ ሰው ብቻ ይሆናል፤ ይህም እውነት አይደለም።

ማብራሪያውን በተመለከተ፣ እባክዎን አያብራሩ። ትምህርት ወደ መሰለ ንግግር በተገባ ቁጥር፣ እኔ ተረስቼ ከጎኔ ለተቀመጠው ሰው ብቻ እየተነገረ እንደሆነ ይሰማኛል። ያ ሰው ውድቅ መደረግን፣ መጠበቅንና ራስን ማሳመርን ከራሱ ሕይወት ያውቃቸዋል፤ የቀረውን ከሁኔታው ይረዳዋል።

ጠያቂው፦ «ባዶ ወንበር»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የግል መልእክቶቹን አውጥቼ የባለታሪኩን ወገን ብቻ ላስቀር፣ የፕሮፋይል መስመሮቹን ደግሞ ከማንም ሳልገለብጥ በራሴ ቃላት ልጽፋቸው ወስኛለሁ፤ ለማስረዳት የገባውን ክፍልም እሰርዘዋለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች የንግግሩን ጽሑፍ በስክሪን ማሳየት እፈልጋለሁ፤ ይህ ስለ ስክሪን ከተሰጠው ምክር ጋር አይጋጭም?

መልስ፦ ከ«መጋረጃ ሳቢ»

አይጋጭም፣ እንዲያውም መደረግ አለበት። የእኔ ማስጠንቀቂያ መልእክቶችን ለጌጥ ማሳየትን የሚመለከት ነበር። ጽሑፉ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ይቀጥል፣ ስክሪኑም ተዋናዩን ለማየት አንገት ማዞር እንዳያስፈልግ ከእርሱ አጠገብ ይቀመጥ። ጽሑፉን የሚያስኬደው ባለሙያ ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ጀምሮ አብሯችሁ ይቀመጥ፤ ብቻውን የሚጫወት ተዋናይ ፍጥነቱን በየምሽቱ ይለዋውጣልና፣ ተሰርዞ የሚጻፈው ዐረፍተ ነገር በስክሪኑም ላይ ከተዋናዩ ቀድሞ እንዳይሰረዝ መጠንቀቅ ያለበት እርሱ ነው።